ባለጃንጥላው እና አውራ ጣቷ

“እጅሽን መልሺ!” አለ ባለባጃጁ ሲሳይ።

ልክነሽ ሙዙን በፌስታል አስረክባ ብሩን በሁለት እጇ እየተቀበለች ነበር። ሲሳይ የግራ አንጓዋን ለቀም አድርጎ ያዘ። በሌላ እጁ ስልኩን አወጣ፣ ጭኑ ላይ አበሰው፣ አውራ ጣቷ አጠገብ አስጠጋው። አንዴ ስልኩን ያያል፣ አንዴ ጣቷን።

“ምን ሆነሃል አንተ? ሙዙ አነሰህ?”

“ዝም በይ እስቲ እትዬ።”

“እጄን ልቀቅና ዝም እላለሁ።”

አልለቀቃትም። የልክነሽ የግራ አውራ ጣት ጥፍር ከመሃሉ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ልጅ ሆና ኦቾሎ ላይ እንሰት ስትፍቅ መፋቂያው ቀርከሃ ሰነጠቀው፣ እንደተሰነጠቀ አደገ። ዙሪያውን ደግሞ የሙዝ ሙጫ አጥቁሮታል፤ የሙዝ ሙጫ በሳሙናም በአመድም አይለቅም። ሲሳይ ስልኩ ላይ ያለውን ሥዕል በሁለት ጣቱ አሳደገው። እዚያም፣ ከሥዕሉ መሃል፣ አንድ አውራ ጣት ተጋድሟል። ጥፍሩ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ዙሪያው የጠቆረ።

“ይቺ ናት!” ብሎ ጮኸ። “ኧረ ጉድ! ባለጃንጥላውን የምትሥለው እትዬ ልክነሽ ናት! ሁለት ዓመት ሙሉ የመካኒክ ጣት ነው እያልን ስንከራከር፣ እሷ ለካ እዚሁ ሙዝ ትሸጥልናለች!”

የሲቀላ ገበያ በዚያ ሰዓት የራሱ ጩኸት አለው። ሚኒባሱ ጥሩምባ ይነፋል፣ ረዳቱ “ገረሴ! ገረሴ!” ይላል፣ ባጃጅ በባጃጅ ላይ ይገባል። የሲሳይ ጩኸት ግን ከሁሉም በላይ ወጣ። ጎረቤቷ አገርነሽ አቮካዶ እየደረደረች ነበር፤ አንዱ ከእጇ ወደቀና ተንከባለለ።

“ልክዬ፣ እውነቱን ነው?”

ልክነሽ እጇን መንጭቃ አወጣች። ልትክድ ትችል ነበር። ጣት ብቻ ነው፣ ጥፍሩ የተሰነጠቀ ሰው ስንት አለ ማለት ይቻላል። ነገር ግን ላልሠራችው ሥራ አንድም ቀን ተመስግና አታውቅም፣ የሠራችውንም ልትክድ አልፈለገችም።

“አዎ እኔ ነኝ” አለች። “ምን ይሁን?”

ሲሳይ ጣቷን ፎቶ አነሣት፣ ሳቀ፣ ሙዙን ረስቶ ሄደ፣ ተመልሶ ሙዙን ወሰደ። ምሳ ሳይደርስ ፎቶው ሲቀላን አዳርሶ ነበር።

*

ነገሩ የተጀመረው በዝናብ ነው። ልክነሽ እናቷን ልትጠይቅ ኦቾሎ ሄዳ ስትመለስ ሚኒባሱ ቁልቁለቱ ላይ ጭቃ ይዞት ቆመ። በመስኮቱ ስታይ አንድ ሰው ጥቁር ጃንጥላ ይዞ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ በመንገዱ ዳር ይወርዳል። ከኋላው አንዲት ሴት ትከተላለች። ሸክሟ ከራሷ በላይ ስለሆነ ፊቷ አይታይም፤ የሚታየው ሁለት እግርና ጭነት ነው። ዝናቡ ጭነቱም እሷም ላይ ይወርዳል። ሰውየው ላይ አይወርድም። ሚኒባሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አየ፤ ማንም ምንም አላለም። ልክነሽም ምንም አላለችም። ያ ነው ያናደዳት።

በማግስቱ የሙዝ ካርቶን ቀድዳ አራት ሳጥን አሰመረች። አንደኛው ላይ ፀሐይ፦ ሰውየው በጃንጥላው ሥር፣ ሴትዮዋ ከነሸክሟ ከኋላ። ሁለተኛው ላይ ዝናብ፦ እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ዝናቡ አባርቶ ሰውየው ክንዱን ያሻል፣ ደክሞታል። አራተኛው ላይ ጃንጥላውን አጥፎ በሴትዮዋ ሸክም ላይ ጫነው። “ያዢልኝ” ይላል። ሌላ ቃል የለውም። ልክነሽ የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ብዙ ቃል መጻፍ አትወድም፤ ሥዕል ግን ከልጅነቷ ጀምሮ በከሰል ግድግዳ እያቆሸሸች የተገረፈችበት ነገር ነው።

ስልኳን የሸጠላት ልጅ ፌስቡክ ከፍቶላት ነበር። ካርቶኑን ንፋስ እንዳይወስደው በግራ አውራ ጣቷ ጫን አድርጋ በቀኝ እጇ ፎቶ አነሣችው። ጣቷ ሥዕሉ ውስጥ ገባ። ሌላ ፎቶ ማንሣት አታውቅበትምና እንደዚያው ለጠፈችው። ሰባት ሰው ወደደው፣ ከሰባቱ አምስቱ ዘመድ ናቸው።

አልተወችም። በየሳምንቱ አንድ ሥዕል ትለጥፋለች። ባለጃንጥላው ለቅሶ ይሄዳል፣ ባለጃንጥላው ሰርግ ይሄዳል፣ ባለጃንጥላው ሐኪም ቤት ሄዶ ትከሻዬን አመመኝ ይላል፣ ሴትዮዋ ከነሸክሟ በር ላይ ትጠብቀዋለች። ጠዋት ስትለጥፍ ማንም አያየውም፤ ሰው ምሳ በልቶ ጥላ ሲይዝ ስትለጥፍ ያየዋል፤ ይህንን ራሷ ደረሰችበት። ኢንተርኔት የምትሞላው ለአንድ ቀን የሚሆነውን ትንሿን ጥቅል ነው። የራሷን ስም ትታ ገጹን “ባለጃንጥላው” አለችው። ሴቶች ለባሎቻቸው ይልኩታል፣ ባሎች ለጓደኞቻቸው፣ ጓደኞቻቸው “ይህ አንተን ነው” ብለው ይመልሳሉ። ገጹ በዚህ አደገ።

አንድ ቀን ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ትልቅ ገጽ ሥዕሏን ወሰደ። ጣቷ ያለበትን ጠርዝ ቆርጦ ጥሎ የራሱን ምልክት ለጠፈበት። ልክነሽ “የኔ ነው” ብላ ጻፈች። አገዷት። ቁጭ ብላ አሰበች። ከዚያ ወዲህ አውራ ጣቷን ጠርዝ ላይ አታደርግም፤ ከመሃል፣ ሊቆረጥ ከማይችልበት ቦታ፣ ዘፍ ታደርገዋለች። የሰረቃት ሰው ጣቷንም ይዞ ይሄዳል፣ ያየ ሰው ደግሞ “የማን ጣት ነው?” ብሎ ይጠይቃል፣ ጠይቆ ወደ እሷ ይመጣል። የገበሬ ነው ያሉ አሉ፣ የመካኒክ ነው ያሉ ይበዛሉ። የሴት ነው ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ገበያውም ውስጥ ያወሩታል። እሷ ሙዝ ትመዝናለች፣ ደንበኞቿ “ባለጃንጥላው እገሌ ነው፣ አይደለም እገሌ ነው” ይላሉ። እሷ ትሰማለች። የሰማችው ለሚቀጥለው ሥዕል ይሆናታል። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረች፤ የዛሬው ቀን እስኪመጣ።

*

ጋሽ በርናባስ ከምሳ በኋላ መጣ። የገበያው ነጋዴዎች እድር ዳኛ ነው፤ ሰፊ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ በፀሐይም በዝናብም ከጥቁር ጃንጥላው የማይለይ ሰው። ጃንጥላውን ሳያጥፍ ከልክነሽ ሸራ ሥር ልግባ አለ፤ የጃንጥላው ጫፍ ሸራውን ያዘው። እየታገለ ገባ።

“ልክነሽ።”

“ጤና ይስጥልኝ ጋሽ በርናባስ። ሙዝ ልመዝን?”

“የምን ሙዝ ነው! አዋረድሽኝ እኮ!”

“እኔ? በምን?”

ስልኩን አውጥቶ ከዓይኑ አርቆ ያዘ። “ይህ ማን ነው?”

“ባለጃንጥላው ነው።”

“ስሙን ነው የጠየቅሁሽ።”

“ስም የለውም። ስም ብሰጠው ስሙ ያላቸው ሁሉ ይቆጡኛል።”

“እጀታው የእንጨት ነው። የኔም የእንጨት ነው።”

“የሲቀላ ጃንጥላ ግማሹ እጀታው የእንጨት ነው ጋሽ በርናባስ።”

“ኮቱስ?”

“ኮት ሰው ሁሉ ይለብሳል።”

“ሆዱስ!”

ልክነሽ ሆዱን አየችው። አገርነሽ ወደ አቮካዶዎቿ ዞራ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች።

“ሳቂ አንቺ፣ ሳቂ!” አለ ጋሽ በርናባስ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ያለው ድምፁ ከጩኸቱ ይከብዳል። “ስሚኝ ልክነሽ። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እድሩ ይሰበሰባል። እርጥብ ሣር ይዘሽ ትመጫለሽ። ሰው ፊት ተንበርክከሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። ከዚያ ያንን ገጽ፣ ሥዕሉን ሁሉ፣ እዚያው እያየንሽ ታጠፊዋለሽ።”

“ባላጠፋውስ?”

“ከእድሩ ትወጫለሽ።”

“ይቺን በምታህል ሥዕል?”

“እናትሽ እንዴት ናቸው?” አለ። ጃንጥላው እንደገና ሸራውን እየያዘው ወጣ።

የልክነሽ እናት ከኦቾሎ ከወረዱ ጀምሮ እሷ ቤት አልጋ ላይ ናቸው። የሚበሉት እያነሰ ሄዷል። ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ጋሽ በርናባስም ያውቃል። እድር የሌለው ሰው ሲሞትበት ድንኳን የሚተክልለት የለም፣ ወንበር የሚያመጣለት የለም፣ ሬሳ የሚያነሣለት የለም። ልክነሽ ሚዛኗን ጠረገች። ያልቆሸሸ ሚዛን ደግማ ጠረገች።

“ተይው ልክዬ” አለች አገርነሽ። “አጥፊው በቃ። ሌላ ታበጂያለሽ።”

“ሁለተኛውንስ አጥፊ ሲሉኝ?”

“ሦስተኛ።”

“አንቺ አቮካዶሽን ድፊው ቢሉሽ ሌላ እደረድራለሁ ትያለሽ?”

አገርነሽ አቮካዶዎቿን አየች። “የደፋቸውን ሰው ነው የምደፋው” አለች።

*

ባሏ ካሱ ሸማኔ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ከሽመናው ቤት መጣ፤ ፊቱ ልክ አልነበረም። በር ላይ ቆሞ ጫማውን ሲያወልቅ ብዙ ቆየ።

“ጃንጥላ ሰጡኝ” አለ።

“ማን?”

“ልጆቹ። ሸማኔዎቹ። አዋጥተው ገዝተው ‘እንኳን ደስ ያለህ ባለጃንጥላው’ ብለው ሰጡኝ።” ከኋላው አዲስ ጥቁር ጃንጥላ አወጣ። “ልክነሽ፣ እኔን ነው የሣልሽው?”

“አንተ እስከዛሬ ጃንጥላ ነበረህ?”

“አልነበረኝም።”

“ሆድስ አለህ?”

ካሱ ሆዱን ዳበሰ። ቀጭን ሰው ነው። “የለኝም” አለ፤ ትንሽ ቀለል አለው። ከዚያ ግን ተቀመጠና እንዲህ አለ፦ “ቢሆንም አጥፊው። ለእናትሽ ብለሽ። ሣር ይዘሽ ሁለት ደቂቃ ብትንበረከኪ ምን ይሆናል? ሽማግሌዎች እንኳ ለተጣላ ሰው ሣር ይዘው ይንበረከኩ የለ?”

“እነሱ ደም እንዳይፈስ ነው የሚንበረከኩት። እኔ ማንን ገደልኩ?”

“ማንንም አልገደልሽም። ሰው አሳቅሽበት።”

“የሳቁበት እነሱ፣ የምንበረከከው እኔ!”

ከአልጋው በኩል እናቷ ሳሉ። አማርኛ ብዙ አይሆንላቸውም፤ የሚነጋገሩት በጋሞኛ ነው። “ምንድነው የምትጨቃጨቁበት?” አሉ። ልክነሽ ስልኩን ወስዳ አሳየቻቸው። እስከዛሬ አላሳየቻቸውም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቅም። እናቷ አንዱን አይተው ሌላ አሉ፣ ሌላውን አይተው ሌላ አሉ። ሳቁ፤ ጥርሳቸው መሃል ያለው ክፍተት ታየ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ።

“በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ወርጃለሁ” አሉ። “ይህችን ሴት አውቃታለሁ። ፊቷን ግን ለምን አላሳየሽኝም?”

“ሸክሙ ይጋርደዋል እማዬ።”

“የሚታየው አንቺ ከፊት ስትቆሚ ነው። አንቺ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የምትሥያት።”

ስልኳ እጇ ውስጥ ይንጫጫል። የጣቷ ፎቶ ከወጣ ወዲህ ተከታዩ እንደ ጎርፍ ነው። “ሴት ናት? አሁን ገባኝ” ይላል አንዱ። “ሴት መሆኗን ባውቅ አልስቅም ነበር” ይላል ሌላው። “ጎበዝ፣ እኛ ገረሴ ነን፣ እንዳታጠፊው” ይላሉ ሴቶች። ያ ሥዕሏን የሰረቀው ገጽ ደግሞ በውስጥ መስመር ጽፎላታል፤ “አብረን እንሥራ እህታችን” ይላል። እሱን ብቻ አገደችው።

*

የእድሩ አዳራሽ ቆርቆሮ ነው። በአንዱ ጥግ የተደራረቡ ወንበሮች፣ በሌላው ጥግ ትልልቅ ድስቶች። እሑድ ከሰዓት ሞልቶ ነበር። ሙቀቱ ያፍናል፣ ከውጭ ደመና እየከበደ ነው። ከሳሹ ዳኛው ራሱ ስለሆነ ስብሰባውን የሚመሩት አባባ ደበሌ ናቸው፤ ከኦቾሎ የወረዱ ሽማግሌ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ የሚተኙ የሚመስሉ ግን የማይተኙ።

ልክነሽ ገባች። እጇ ባዶ ነው። ሰው ሁሉ እጇን አየ።

“ሣሩስ?” አለ ጋሽ በርናባስ።

“ሜዳው ላይ ነው።”

ማጉረምረም ሆነ። አባባ ደበሌ ዱላቸውን መሬት መቱ። “በርናባስ፣ ክስህን ተናገር።”

ተናገረ። የእንጨቱን እጀታ ተናገረ፣ ኮቱን ተናገረ፣ ሆዱን አልተናገረም። ሲጨርስ የጥጥ ነጋዴው አሮን ተነሣ።

“ይቅርታ አባባ፤ በርናባስ ተሳስቷል። የሣለችው እኔን ነው። ሰርግ የሄደው እኔ ነኝ፣ ሰው ሁሉ አይቷል።”

“የለም፣ የለም” ብሎ ከኋላ ሸዋንዳኝ ተነሣ። “ሐኪም ቤት የሄድኩት እኔ ነኝ! ትከሻዬን ያመመኝ እኔ ነኝ!”

“አንተ ጃንጥላህ ሰማያዊ ነው!” አለው አሮን።

“ሥዕሉ ቀለም የለውም!”

አዳራሹ ፈነዳ። ሴቶቹ በነጠላቸው ተሸፈኑ። አባባ ደበሌ ዱላቸውን ሦስት ጊዜ መቱ። “ልክነሽ” አሉ፤ “ስንት ሰው ነው የሣልሽው?”

“አንድ ነው አባባ።”

“ማንን?”

ልክነሽ ተነሣች።

“አባባ፣ እኔ የሣልኩት በመንገድ ያየሁትን ሰው ነው፣ ስሙን አላውቀውም። ግን ሦስት ሰው የኔ ነው አለ። ስለዚህ ይለዩልኝ። እሱ በጃንጥላ ደረቅ እየሄደ፣ ሚስቱን ሸክም አሸክሞ በዝናብ ያስኬደ ሰው ይነሣ። ተነሥቶ ‘አድርጌዋለሁ፣ የሣልሽው እኔን ነው’ ይበል። እሱን አዋርጄዋለሁ ማለት ነው፤ ለእሱ እዚሁ እንበረከካለሁ። ላላደረገ ሰው ግን አልንበረከክም፤ እሱን አልሣልኩትማ።”

ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ተሰሙ።

አሮን ጉሮሮውን ጠራረገ። “የኔ ባለቤት እንኳ በባጃጅ ነው የምትሄደው” አለና ተቀመጠ።

ሸዋንዳኝ ዙሪያውን አየ። “የኔ ጃንጥላ ከጠፋ ቆይቷል” አለ። ተቀመጠ።

ጋሽ በርናባስ ቆሞ ቀረ። ሚስቱ እትዬ ጽጌሬዳ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። ልክነሽ አሁን ይቀመጣል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ሌላው ስለተቀመጠ ብቻ የሚቀመጥ ሰው አይደለም።

“እኔ ነኝ” አለ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

“አዎ! አድርጌዋለሁ። ከኦቾሎ እስከ ሲቀላ። አባቴም አድርጎታል። የእናንተ አባቶች ምን ያደርጉ ነበር? ሸክም ይሸከሙ ነበር? ንገሩኛ! አሁን አላደረግንም የምትሉ ሁሉ ውሸታሞች ናችሁ!” ወደ ልክነሽ ዞረ። “ብያለሁ። ተንበርከኪ።”

ልክነሽ ይህንን አላሰበችም። ከሦስቱ ሰዎች እውነት የሚናገረው የከሰሳት ሰው ይሆናል ብላ አልጠረጠረችም። ግን በሰው ፊት ቃል ከአፏ ወጥቷል። ሣር የላትም። ሣር ፍለጋ ወደ በሩ ልትራመድ ስትል ካሱ ከወንዶቹ መካከል ተነሣ። ከኮቱ የውስጥ ኪስ የተጠቀለለ እርጥብ ሣር አወጣ።

“ከየት አመጣኸው?” አለችው በሹክሹክታ።

“ከጠዋት ጀምሮ ይዤዋለሁ” አለ ካሱ። “ምናልባት ብዬ።”

ተቀበለችው። ሣሩ ከሰውነቱ ሙቀት ሞቅ ብሏል። ወደ ጋሽ በርናባስ ሄዳ በሁለት ጉልበቷ ተንበረከከች፣ ሣሩን በሁለት እጇ ዘረጋች።

“ጋሽ በርናባስ፣ ሳላስፈቅድዎት ሥያለሁ። ይቅር ይበሉኝ።”

ጋሽ በርናባስ ደረቱን ነፋ። “ይቅር ብያለሁ። ተነሺ። አሁን ስልክሽን አውጪና አጥፊው።”

አልተነሣችም።

“ተነሺ እንጂ።”

“አልጨረስኩም” አለች ልክነሽ። “ጥፋቴ ሳላስፈቅድ መሣሌ ነው፤ ይቅር ብለውኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደግሞ ሣር ይዤ፣ ተንበርክኬ፣ ሰው ፊት ላስፈቅድዎት። ባለጃንጥላውን መሣል እንድቀጥል ይፍቀዱልኝ።”

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ከሴቶቹ በኩል አንዲት ሴት መጀመሪያ አፍንጫዋን ይዛ፣ ከዚያ አልቻል ብሏት፣ ከት ብላ ሳቀች። እትዬ ጽጌሬዳ ነበረች።

“ይህ... ይህ ተንኮል ነው!” አለ ጋሽ በርናባስ። “አባባ፣ ተንኮል ነው!”

አባባ ደበሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ተንኮል ነው” አሉ። “ግን ሣር ይዛለች።”

“እና?”

“እናማ፣ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው እምቢ ማለት ጎሜ ነው። በሰው ፊት የተሠራ ነውር ነው፤ ለልጅ ይተርፋል። አባትህ ይህንን አልነገረህም? ሸክሙን ብቻ ነው የነገረህ?” ሽማግሌው ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። “ሣር ይዘሽ ነዪ ያልካት አንተ ነህ በርናባስ። ይዛ መጣች።”

ጋሽ በርናባስ ሣሩን አየ፣ ሰውን አየ፣ ሚስቱን አየ። ሚስቱ መሳቋን አቁማ ፊት ለፊት ታየው ነበር። የልክነሽ ጉልበት ሲሚንቶው ላይ ታመመ፤ አልተንቀሳቀሰችም። ሣሩም ከእጇ አልወረደም።

“ሆዱን ቀንሺው እንግዲህ” አለ በመጨረሻ፤ ሣሩን ከእጇ እየወሰደ።

“አስብበታለሁ” አለች፤ ተነሣች።

*

ስብሰባው ሲበተን ዝናቡ በርትቶ ነበር። ሰው ሁሉ በአዳራሹ በረንዳ ላይ ተኮለኮለ። ጋሽ በርናባስ ማንንም ሳያናግር ወጣ፣ እንደ ልማዱ ጃንጥላውን ከፈተ፣ ሁለት እርምጃ ሄደ። ቆመ። የእድሩ ዓይን በሙሉ ጀርባው ላይ ነው። እትዬ ጽጌሬዳ ዘንቢሏን ይዛ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆማለች።

ወደ ኋላ አልዞረም። ጃንጥላውን የያዘውን እጁን ብቻ ወደ ኋላ ዘረጋ፣ እስኪበቃው ድረስ ዘረጋ። እትዬ ጽጌሬዳ ጥቂት አየችው፤ ከዚያ ወርዳ ከሥሩ ገባች። እንዲህ ሆነው ሄዱ፤ እሱ ከፊት እየበሰበሰ፣ ክንዱ ወደ ኋላ ተገትሮ፣ እሷ ከኋላ ደረቅ ሆና። አንገቱ ላይ የሚወርደው ውኃ እስከ በረንዳው ድረስ ይታያል።

“ልክዬ” አለች አገርነሽ፤ “ይህንን ካልሣልሽ ሁለተኛ አላናግርሽም።”

ልክነሽ ቤት ገብታ ካርቶን ቀደደች። የዛሬው ሳጥን አንድ ብቻ ነው፣ ትልቅ። ከፊት ሆና ሣለችው። ሰውየው ክንዱን ወደ ኋላ ገትሮ በዝናብ ይሄዳል፤ ጃንጥላው ከኋላው ነው፤ ከጃንጥላው ሥር ሴትዮዋ። ሸክሟ አሁንም ጀርባዋ ላይ አለ። ግን ቀና ብላለች። ጥርሷ መሃል ክፍተት አለ። እናቷ ከአልጋው ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩ፣ የጥርሳቸውን ክፍተት በምላሳቸው ነካ አደረጉ።

ስለ ሆዱ አሰበችበት። እንዳለ ተወችው።

“አሁን ሰው ሁሉ አውቆሻል” አለ ካሱ፤ አዲሱን ጃንጥላ ግድግዳው ላይ እየሰቀለ። “ጣትሽን ከሥዕሉ አውጪው እንግዲህ። ምን ያደርግልሻል?”

ልክነሽ ስልኩን በቀኝ እጇ አነሣች። የግራ አውራ ጣቷን እንደ ልማዷ ከመሃል ልታሳርፍ ስትል በጋሽ በርናባስ አምሳል የሣለችው ሰው ከካርቶኑ ላይ ፊት ለፊት ያያት ነበር፤ ጉንጩ ላይ ውኃ ይወርዳል፣ እፍረቱ ይታወቃል። ከሦስቱ እስከ መጨረሻው “እኔ ነኝ” ያለው እሱ ብቻ ነው። ጣቷን አየር ላይ ይዛ ጥቂት ቆየች።

ከዚያ ጣቷን ፊቱ ላይ አሳረፈችው፤ ከግንባሩ እስከ አገጩ ሸፈነው። የሴትዮዋን ፊት ክፍት ተወችውና ፎቶውን አነሣች።